ስምንተኛዋ ኳስ

ያያት ሁሉ ዘነዘና ትመስለው ነበር። ክንፍ አልተሰካላትም፣ ጭራ የላትም፤ ግማሽ ሜትር ያህል ርዝመት ያላት ድብልብል የዋንዛ እንጨት ናት። ንፋስ መውጫ ከተማ ካለው የእንጨት ሥራ ቤቴ አጠገብ ቀለምና ምስማር የሚሸጠው ጎረቤቴ አንድ ቀን ሊያወራ ገባና አንሥቶ አገላበጣት። «ሙቀጫዋስ?» አለኝ። «ዘነዘና አይደለችም፣ ሚግ ናት» አልኩት። ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ወደ በሩ ሄዶ መንገዱን ግራና ቀኝ አየና ተመለሰ። «ስማኝ፣ ለጠየቀህ ሰው ሁሉ ዘነዘና ናት በል» አለኝ።

እውነቱን ነው። ጊዜው ሰማይ ላይ ድምፅ ሲሰማ ገበያተኛው ዕቃውን ጥሎ ግድግዳ ሥር የሚጠጋበት ጊዜ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ የጦር ጄት ቅርጽ መሥራት ጤነኛ ሥራ እንዳልሆነ አላጣሁትም። ግን የአባቴ ዓይን እየጠፋ ነበር፤ ሳይጠፋ ደግሞ እሷን ማየት ፈልገዋል። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

አባቴ የሚኖሩት ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ከተማ አጠገብ ነው። ገበሬ ናቸው። ከዚያ በፊት ግን፣ በደርግ ጊዜ፣ የጦር ጄት የሚጠግኑ ወታደር ነበሩ። ይህንን ለሰው አያወሩም። እኛ ልጆቻቸው እንኳ ያወቅነው ከወሬያቸው ይልቅ ከጠባያቸው ነው። ከእርሻ ሲመለሱ በሬዎቹ ሳይገቡ ዕቃ ይቆጠራል። ሞፈር፣ ቀንበር፣ እርፍ፣ ሁለት ድግር፣ ወገል፣ ማረሻ። አንድ ከጎደለ ተመልሰን ማሳው ላይ ስንዳክር እንውላለን። ጎረቤቱ ሁሉ «ቆጣሪው» ይላቸዋል፤ ሲሏቸው ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፋሉ።

ቤታችን ውስጥ ከበሩ በስተቀኝ ያለው ግድግዳ የዕቃ ቦታ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ በሚንጠለጠልበት ቦታ መልኩ በከሰል ተሥሏል። ማጭዱ ከተነሣ የማጭድ ሥዕል ይቀራል፣ መዶሻው ከተነሣ የመዶሻ። ባዶ ሥዕል ታይቶ እራት አይቀርብም። እናቴ ግድግዳውን በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ስትለቀልቀው ሥዕሎቹ ይጠፋሉ፤ አባቴ ጭቃው እስኪደርቅ ጠብቀው እንደገና ይሥሏቸዋል። ከሁሉም ጥግ፣ ምንም ነገር ተሰቅሎባት የማያውቅ አንዲት ትንሽ ሥዕል አለች። ስንዝር አትሞላም። ልጆች ሳለን «ይቺ የምን ናት?» ስንላቸው «የራሷ ዕቃ አላት፣ ይመጣል» ይሉናል። በየዓመቱ ይሥሏታል፤ በየዓመቱ ባዶ ናት። እኛም ለምደናት መጠየቅ ተውን።

ስለ ወታደር ቤት የሚያወሩት አንድ ቀልድ ብቻ ነው። የጋይንት ሰው መሆናቸውን የሰማ ሁሉ የሚያውቀው ከተማ አንድ ስለሆነ «ንፋስ መውጫ» ይላቸው ነበር። «እኔ የታች ጋይንት ሰው ነኝ፣ ንፋስ መውጫ ላይ ጋይንት ነው» ቢሉ ማን ሰምቷቸው። በኋላ ደግሞ የጄቷን የኋላ ቧንቧ፣ ያ ሁሉ እሳትና ንፋስ የሚወጣበትን፣ የሚመረምሩት እሳቸው ሆኑና ስሙ እስከ መጨረሻው ተለጠፈባቸው። ይህን ሲያወሩ ይስቃሉ። ከዚያ አልፎ ለጠየቃቸው ሰው ግን ወዲያው ስለ ዝናብ ያወራሉ።

ዓይናቸው መታመሙን ያወቅነው በጎን የሚመጣ ሰው እየገጩ ሲቸገሩ ነው። ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ግላኮማ ነው ተባልን። ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር፣ አልዋሸንም፤ ዓይን ከዳር ጀምሮ እየጠበበ ይሄዳል፣ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እንጠብቅ አለን። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አባቴ «አንድ ጊዜ ባየኋት» አሉ።

«ማንን?» አልኩ።

«ሚጓን።»

እኔ ቱግ ባይ ነኝ፣ አልደብቅም። «የልጅ ልጆቼን ፊት» ይላሉ፣ «እናትህን» ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ብረት መናፈቃቸው አበሸቀኝ። ንፋስ መውጫ እስክንደርስ ቃል አልተነፈስኩም። በነጋታው ጠዋት ግን ያልተጨረሰ ቁም ሣጥን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ዋንዛ ስመርጥ ራሴን አገኘሁት።

ልኳን ከስልክ ላይ አወጣሁ። ኔትወርክ ብቅ ሲል ፊቷን፣ እንደገና ብቅ ሲል ጎኗን እያወረድኩ ሳምንት ሙሉ ሥዕሏን ሰበሰብኩ። የእውነተኛዋን ርዝመት ለሠላሳ ሁለት አካፍዬ በወረቀት ነደፍኩ። እንጨቱን ድፍኑን ጠርቤ ልጨርስ ነበር ሐሳቤ። አባቴ የመጀመሪያውን ጥርብ በእጃቸው መዝነው «ይቺ ግንድ ናት» አሉኝ። ጄት ውስጧ ባዶ ነው፤ ንፋስ በአፍንጫዋ ገብቶ በኋላዋ ይወጣል፤ መሀል ላይ ሰው ይቀመጥባታል። ስለዚህ ለሁለት ሰንጥቄ ሆዷን በመሮ ፈለፈልኩት። አልጋ ስሠራ እንዲህ ተጠንቅቄ አላውቅም፤ ደንበኞቼ ይህን ባያነቡ ደስ ይለኛል።

ሥራው የሚታየው አርብ አርብ ነበር። አርብ የገበያ ቀን ስለሆነ ሚኒባስ አይጠፋም። መንገድ ላይ ፍተሻ አለ። ያቺን ክንፍ የሌላት ድብልብል በጆንያ ጠቅልዬ እይዛታለሁ፣ «ምንድነው?» ሲሉኝ «ዘነዘና» እላለሁ። አንዱ ፈታሽ ተቀብሎኝ መዳፉ ላይ መታ መታ አደረጋትና «ቅርጹስ ደህና ነው፣ ግን ቀለለ፤ በዚህ በርበሬ አይወቀጥም» አለኝ። ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ሳቀብኝ። ክንፎቿን ሌላ አርብ በሌላ ጆንያ ወሰድኳቸው።

አባቴ ከቤቱ ደጅ ብርሃን ላይ ተቀምጠው በቀረቻቸው ቀዳዳ ያይዋታል። ዓይናቸው የቁልፍ ቀዳዳ ያህል ነበር የቀረው፤ እሷን ቀስ እያደረጉ በዚያች ቀዳዳ ፊት ያሳልፏታል፣ መጀመሪያ አፍንጫዋን፣ ከዚያ ጀርባዋን፣ ከዚያ ጭራዋን። ከዚያ በጣታቸው ይደግሙታል። ስሕተት አያመልጣቸውም። ክንፏ ግንዱን የሚነካበት ቦታ በአንድ ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ነበር፣ «ወረደ» አሉኝ። አስፈረሱኝ። ቀለሟን ስጠይቃቸው በወታደር ቤት ስሙ አልነገሩኝም፤ ላይዋ የታጨደ ገብስና የባቄላ ቅጠል ተቀላቅሎ፣ ሆዷ የተልባ አበባ አሉኝ። ጎረቤቴ የተልባ አበባ ቀለም እስኪመጣለት ሰማያዊና ነጭ ሲያቀላቅል ዋለ።

ሌላው ሌላው በየቦታው ተገኘ። የእሳት ማውጫ ቧንቧዋ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ነው። ጎማዎቿ የከብት መድኃኒት ብልቃጥ የላስቲክ ክዳኖች ናቸው። አፍንጫዋ ላይ እንደ መርፌ የሚወጣው ዘንግ የጃንጥላ ሽቦ ነው። የአብራሪው መስተዋት ግን አስለቀሰኝ። የውኃ ፕላስቲክ ቆርጬ በጠረብኩት እንጨት ላይ በእሳት አሙቄ መሳብ ነበረብኝ፤ ሰባት ጊዜ ተቃጠለብኝ፣ በስምንተኛው ተሳካ።

አንድ ነገር ላይ ግን አባቴ ከልክ በላይ ደረቁብኝ። ከአብራሪው ወንበር በስተግራ፣ ወለሉ ላይ፣ ጠባብ ክፍተት አለች አሉ። ሥዕሉ ላይ የለችም። «አለች» አሉ። ሠራኋት፤ «ጠበበች» አሉ። አሰፋሁ፤ «አሁን ደግሞ በዛ» አሉ። ሦስት አርብ በዚያች ክፍተት ሄደ። የእርጅና ግትርነት ነው ብዬ ጥርሴን ነክሼ መሮዬን አነሣሁ።

እናቴ ሚጓን ቤት ውስጥ ማየት አትፈልግም ነበር። «ሰማይ ላይ ስንሸሻት አንተ አቅፈህ ታመጣልኛለህ» ትለኛለች። አንድ አርብ ግን ቀይ ጽሑፎቿን ጽፌላት ወሰድኳት። ክንፏ ላይ ቴክኒሻኖች እንዳይረግጡት በቀይ የሚጻፍ ማስጠንቀቂያ አለ፤ በባዕድ ፊደል ነው፣ እኔ ግን አባቴ ያነቡታል ብዬ በአማርኛ ጻፍኩት። እናቴ ማንበብ አትችልም፣ ግን ቤተ ክርስቲያን ስታድግ መጽሐፍ ላይ በቀይ የሚጻፈው የአምላክና የእመቤታችን ስም መሆኑን ታውቃለች። ቀዩን እንዳየች ፊቷ ተለወጠ፣ ጣቷን ክንፉ ላይ አሳርፋ ጣቷን ተሳለመችው። «ምን ይላል?» አለችኝ።

«አትርገጥ ይላል።»

ትንሽ አሰበች። «ደግ ይላል» ብላ ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚጓ ቤት ገብታ መሶቡ አጠገብ ተቀመጠች።

ሁሉ ነገር ሲገጣጠም አንድ ችግር መጣ። በእግሮቿ ሳቆማት ወደ ኋላ ጭራዋ ላይ ቁጭ ትላለች፣ ልክ ማረስ እንደታከተው በሬ። ኋላዋ ከብዷል ማለት ነው። ከአሮጌ ኩሽኔታ ውስጥ ሰባት ኳሶች አወጣሁ፣ በሰጋቱራና በኮላ ለውሼ አፍንጫዋ ውስጥ አጣበቅኋቸው፣ ሁለቱን ግማሾች ዘጋሁ፣ ስቱኮ ሞላሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ ቀለም ቀባሁ። በአራተኛው ወር መጨረሻ ቀጥ ብላ በሦስት እግሯ ቆመች። የሠራሁትን ነገር ቁጭ ብዬ ሳየው የዋልኩት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው።

ግንቦት ማለቂያ ላይ ይዣት ሄድኩ። የአባቴ የቁልፍ ቀዳዳ ወደ መርፌ ቀዳዳ እየወረደ ነበር። ደጅ ተቀመጡ፣ ተቀበሉኝ፣ አሳለፏት። አፍንጫ፣ ጀርባ፣ ጭራ። ወንበሩንና በስተግራ ያለችውን ክፍተት በመስተዋቱ አሻግረው ሲያዩ በጣም ቆዩ። «እሷ ናት» አሉ። እኔ አንድ ነገር ተናግሬ ላበላሸው ፈርቼ መሬት መሬት አየሁ።

ከዚያ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ነቀነቋት።

ኳ አለ። ትንሽ፣ ደረቅ ድምፅ። እንደገና ነቀነቋት፣ ኳ።

«ሆዷ ውስጥ ዕቃ አለ» አሉ።

«ኳስ ናት አባባ። ለክብደት ካስገባኋቸው አንዷ ተላቃ ነው።»

«ክፈታት።»

«አራት ወር የሠራኋትን? ቀለሟ ሁሉ ይበላሻል እኮ! ደግሞ እንጨት ናት፣ አትበርም!»

«ትበራለች አልኩህ? ዝግጁ አይደለችም ነው ያልኩህ።»

«አሁን ብከፍታት መልሼ እስክዘጋት ያይዋታል?» አልኳቸው። እንዲህ መናገሬን ሳስበው ዛሬም ያሳፍረኛል። የሚታወቅ ነገር ነው፣ ግን እስከዚያ ቀን በቤቱ ውስጥ ማንም ጮክ ብሎ አላለውም ነበር።

አባቴ ሚጓን አቀበሉኝ። ምሳ ሳልበላ ወጣሁ፣ እናቴ ከኋላዬ እየተጣራች።

ሳምንቱን ሙሉ ስበግን ከረምኩ። ለማየት የጓጉት እሳቸው፣ ጊዜ የሌላቸው እሳቸው፣ ስፌቷን ፍታ የሚሉት እሳቸው። ስለዚህ ብልህ የሆንኩ መሰለኝ። ከፊት ጎማዋ ሥር፣ የማይታይ ቦታ ላይ፣ በቀጭን ምስማር ቀዳዳ አበጀሁ። አፍንጫዋን ቁልቁል ደፍቼ ኳሷ ወደ ጓደኞቿ እስክትንከባለል ጠበቅሁና በመርፌ ኮላ አፈሰስኩባት። ሲደርቅ ነቀነቅኋት። ጭጭ። ቀዳዳዋን ደፍኜ ቀለም ነካ አደረግሁ። የአባቴን ጠባይ ግን አውቃለሁ፤ የጠፋ ዕቃ ተገኘ ከተባለ ዕቃው መታየት አለበት። ከዚያው ከኩሽኔታው ስምንተኛ ኳስ አወጣሁና ኪሴ ከተትኩ።

አርብ ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄድኩ። አባቴ ነቀነቋት። ዝም አለች። በሌላኛው ጆሯቸው ደገሙ። ዝም። ከዚያ መዳፋቸውን ዘረጉ፤ «ዕቃው የታል?» አሉ።

ኳሷን መዳፋቸው ላይ አኖርኳት። በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሀል አንከባለሏት። ወደ አፍንጫቸው አስጠጓት።

«ግራሶ ትሸታለች» አሉ።

እንዴት እንደደነገጥኩ አልነግራችሁም። ኮላ ውስጥ የነበረች ኳስ ኮላ ይነካታል፣ ሰጋቱራ ይለጠፍባታል። ይቺ ከኩሽኔታው እንደወጣች ንጹሕ ነበረች። ኪሴ ስጨምራት ይህን ለማሰብ ጊዜ አላጣሁም፤ የማያይ ሰው አያውቅም ብዬ ነው። የራሴን አባት እንዲህ ነበር የገመትኳቸው።

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን «እኔም ንጹሕ አምጥቻለሁ» አሉ።

ያን ቀን የነገሩኝን ለእናቴም ነግረዋት አያውቁም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አብራሪው ከሚቀመጥበት ወንበር ሥር አንድ ብሎን አጥብቀው ሲወጡ አጭሯ ካቻቪቴ የለችም። እዚያም የዕቃ ሰሌዳ ነበራቸው፣ እንደ ቤታችን ግድግዳ የየዕቃው መልክ የተሣለበት፤ የካቻቪቴዋ ቦታ ባዶ ሆነ። ሕጉ አንድ ነው። ዕቃ ከጠፋ፣ ሆዷ ውስጥ ወድቆ መሪዋን ሊቆልፍ ይችላልና፣ ጄቷ አትነሣም፤ እስኪገኝ ትፈታለች። ጄቷ ግን ለነገ ጠዋት ትፈለጋለች፣ ጊዜው ጦርነት ነው፣ እሳቸውም ሆን ብሎ ነው እንዳይባሉ ፈሩ። ዕቃ ቤት የሚሠራው የእስቴ አገር ልጅ ወዳጃቸው ነበር። አዘነላቸውና መሳቢያ ከፍቶ ሌላ አጭር ካቻቪቴ ሰጣቸው።

«ግራሶዋ አልተጠረገም ነበር» አሉኝ። «ሰሌዳው ላይ ሰቀልኳት። ተቆጠረ፣ ሙሉ ሆነ።»

«ከዚያስ?»

«ጠዋት አብራሪው መጣ። ልጅ እግር ነው፣ ሳቂታ። 'ንፋስ መውጫ፣ ዝግጁ ናት?' አለኝ። 'ዝግጁ ናት' አልኩት።»

«ተመለሰ?»

«ተመለሰ። በነጋታውም ሄዶ ተመለሰ። ዐሥራ አንድ ቀን። ዐሥራ አንዱንም ቀን እስኪመለስ ሜዳው ዳር ቆሜ ጠብቄዋለሁ፣ እህል አልቀምስም። ሲወርድ ገብቼ ልፈልግ እላለሁ፣ ሰው አለ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን እሱንም እሷንም ወደ ሌላ ጣቢያ አዛወሯቸው። ከዚያ ሠራዊቱ ተበተነ፣ በእግሬ መጣሁ። ይትረፍ ይሙት አላውቅም፣ ልጄ። ያቺ ካቻቪቴ ከወንበሩ በስተግራ ባለችው ክፍተት ነው የገባችው። ሌላ መግቢያ የላትም። ለማየት የፈለግሁት ያቺን ክፍተት ነው።»

ከወንበሩ በስተግራ ያለችው ክፍተት። ሦስት አርብ የተጨቃጨቅንባት። በራሴ አፈርኩ። ሳስበው ደግሞ አባቴ ስለ ምንም ነገር «ዝግጁ ነው» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። በሬ ተጠምዶ፣ እህል ተጭኖ፣ ሙሽራ ተሸልማ እንኳ «እንግዲህ ይሁን» ነው የሚሉት።

«ልክፈታት?» አልኳቸው።

«ክፈታት።»

«ምናልባት...»

«አውቃለሁ» አሉ። «ሳላያት ብቀር ልቅር። ክፈታት።»

ቀጭን መጋዝ ከጎረቤት ተዋስኩ። እዚያው ደጅ ላይ፣ ገብሱንና የባቄላ ቅጠሉን ለሁለት እየከፈልኩ በስፌቷ ቆረጥኳት። እናቴ ፊቷን አዙራ ቆመች። ግማሾቹ ሲላቀቁ አባቴ ኳሶቹ ያሉበትን ግማሽ ተቀብለው ጣታቸውን አፍንጫዋ ውስጥ አስገቡ። እየቆረሱ ቆጠሩ። አንድ፣ ሁለት፣ እስከ ስድስት በሰጋቱራ የተለወሱ። ሰባተኛዋ ላይዋ ኮላ ብቻ ነበር። ሁሉንም በመዳፋቸው ይዘው ቆዩ። ከዚያ ወንበሩ ያለበትን ግማሽ ጠየቁኝና ከእናቴ ስንደዶ ተቀብለው በዚያች ክፍተት አስገቡት። ስንደዶው ወርዶ ሆዷ ውስጥ ወጣ። ሁለት ጊዜ ደገሙት።

ከዚያ ክረምት ገባ። ኮላው በዚያ እርጥበት አልደርቅ ብሎ አስቸገረኝ፣ መንገዱም ሲዘጋና ሲከፈት ሁለት ወር አለፈ። ኳሶቹን በአዲስ ለውሼ በላያቸው የእንጨት ክዳን አደረግሁባቸው፤ እያንዳንዷን ስነካ ቆጥሬያለሁ። ስምንተኛዋ ግራሶዋን እንደያዘች መሳቢያዬ ውስጥ ናት፤ እስካሁን ምን እንደማደርጋት አላወቅሁም።

ለእንቁጣጣሽ ስገባ እናቴ ግድግዳውን ለቅልቃ ጨርሳ ነበር። አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ድምፄን ሰምተው ፊታቸውን አዞሩ፣ ግን ወደ እኔ ሳይሆን ከእኔ ትንሽ ወደ ጎን። ቀንና ሌሊትን ከመለየት በቀር ምንም እንደማያዩ ያኔ ገባኝ። ደረስኩ ብዬ ቸኩዬ ነበር የመጣሁት።

ሚጓን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። በጣታቸው ሄዱባት። አፍንጫ፣ ጀርባ፣ ጭራ። አዲሱን ስፌት ፈልገው አጡት። ወደ ቀኝ ጆሯቸው አንሥተው ነቀነቋት፤ ወደ ግራ ጆሯቸው አዛውረው ነቀነቋት። ከዚያ ሳይነቀንቁ ሰሟት፤ ደጅ ጎረቤት ሲያወራ ይሰማል፣ ከሆዷ ግን ምንም።

«ዝግጁ ናት» አሉ።

አለቀስኩ። እንዳይሰሙኝ ብዬ አፌን ያዝኩ፣ ግን ሰሙኝ፤ ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ።

ቆይተው «ከሰሉን አምጣ» አሉኝ። ግድግዳው ደርቋል፣ ዕቃዎቹ መሬት ላይ ተደርድረዋል፣ ዘንድሮ የሚሥል የለም። እያንዳንዱን ዕቃ ጭቃው ላይ እያስደገፍኩ ዙሪያውን በከሰል አሥምር ጀመር። ማጭድ፣ መዶሻ፣ ጉጠት፣ ሞረድ። እሳቸው ከመደቡ ሆነው ይቆጥራሉ። ዕቃው አለቀ፤ ጥጉ ባዶ ቀረ። ከሰሉን እንደያዝኩ ዞር አልኩ።

«አባባ፣ የዚያችኛዋስ ዕቃ ይመጣል?»

«አይመጣም» አሉ። «ሣላት።»

የአጭሯን ካቻቪቴ ልክ በአየር ላይ በሁለት ጣታቸው አሳዩኝ። እኔም ሣልኳት።